የብስክሌተኛ ሽጉጥ ወይስ የብስክሌት ጠመንጃ? ለሚሰበስብም ለሚተኩስም ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ሁለት መሣሪያዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ከመዳፍ የማይተርፍ፣ ምላጩ እንደ ሰንጢ ታጥፎ ሆዱ ሥር የሚገባ፣ ቬሎዶግ የሚባል አምስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ሁለተኛው አፈሙዙ 12 ኢንች የሆነ፣ ከኋላው የሽቦ ሰደፍ ተጎትቶ የሚወጣለት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ቀጭን ጠመንጃ ነው። ሁለቱም በ1890ዎቹ በብስክሌት ለሚሄድ ሰው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ጨረታዎች ላይ ይወጣሉ። ስማቸው ያቀራርባቸዋል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ሽጉጡን ነው። አሳቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ወስጄ ልሞክረው ነበር። ቤት አምጥቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ጥይት ፍለጋ ስወጣ ግን የገባሁበት ገባኝ። የጠየቅኳቸው መደብሮች በሙሉ የጥይቱን ስም እንኳ አልሰሙም። ወራት ፈልጌ ያገኘሁት ግማሽ ካርቶን አሮጌ ጥይት ሲሆን፣ እሱም ለሰብሳቢ የሚሸጥ፣ ተኩሰው የማያባክኑት ዕቃ ነበር። ሽጉጡ ዛሬም መስተዋት ሣጥን ውስጥ አለ፤ እወደዋለሁ። የፈለግኩት ግን እሱን አልነበረም።

አያቴ ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ውጅግራ ነበር፤ የፈረንሳዮቹ የ1874 ግራ ጠመንጃ ነው፣ ስሙም ከዚያው የመጣ። በልጅነቴ ለምን እንደማይተኮስበት ስጠይቅ «ጥይቱ ከየት ይመጣል?» ተባልኩ። ብረቱ ደህና ነበር፣ ሰደፉም አልተሰነጠቀም። ቀለህ ስላጣ ብቻ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ያ የ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ያስተማረኝን ለ5.5 ሚሊ ሜትሯ ሽጉጥ አለማስታወሴ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህን ንጽጽር የማደርገው ከጥይቱ ተነሥቼ ነው። ውበቱ፣ የፋብሪካው ስም፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ብስክሌትና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?

በ1885 የእንግሊዙ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱም ጎማዎቹ እኩል ለመሆን የተቃረቡ፣ በሰንሰለት የሚነዳ «ሮቨር» ብስክሌት አወጣ። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አመጣ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የጀብደኛ መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ ሐኪሙም፣ አስተማሪዋም፣ ነጋዴውም የሚሄድበት ሆነ። የገጠር መንገድ ላይ ግን የማያውቁትን ነገር ሲያዩ የሚያብዱ ውሾች ነበሩ። በፔዳል ላይ ያለ እግር ለውሻ ምን ያህል እንደሚያጓጓ በብስክሌት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ያበደ ውሻ ንክሻ ሞት ማለት ነበር። ፓስተር የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰው የሰጠውም ሮቨር በወጣበት በ1885 ነው።

ሌላው ምክንያት ከፋብሪካው በኩል ነው። ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ መሥራት፣ ጥቃቅን ክፍሎችን አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገባ አድርጎ መቁረጥ የጠመንጃ ሠሪዎች ሙያ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ራሳቸው ብስክሌት ሠሪ ሆኑ። የእንግሊዙ ቢ.ኤስ.ኤ፣ የቤልጂጉ ኤፍ.ኤን፣ የፈረንሳዩ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ፣ የአሜሪካው አይቨር ጆንሰን ሁሉም ሁለቱንም ይሠሩ ነበር። የቢ.ኤስ.ኤ ብስክሌት ላይ ያለው ምልክት እኮ ሦስት የተደገፉ ጠመንጃዎች ነው። የአይቨር ጆንሰንን ብስክሌት የጋለበው ደግሞ በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ሜጀር ቴይለር ነው። የእሱን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ የአይቨር ጆንሰን ስም የተቀረጸበት ብረት ሁሉ በዓይኔ ሌላ ክብር አለው።

ቬሎዶግ፦ ሲያዩት የሚያምር፣ ሲተኩሱበት የሚያስቸግር

ስሙ ከፈረንሳይኛው «ቬሎሲፔድ» እና ከእንግሊዝኛው «ዶግ» ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ያወጣው የፓሪሱ ጠመንጃ ሠሪ የሻርል ፍራንስዋ ጋላን ቤት ሲሆን፣ ጥይቱም አብሮ የተፈጠረለት ነው፦ 5.5 ወይም 5.75 ሚሊ ሜትር እየተባለ የሚጠራ፣ ቀለሁ እንደ እርሳስ ቁራጭ ረጅምና ቀጭን፣ ሦስት ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ያለው። ርዝመቱን ያየ ሰው ኃይለኛ ይመስለዋል፤ ግን በኃይል ከዛሬው ተራ .22 (ስፋቱ በኢንች የሚለካ ትንሽ ጥይት) ያነሰ ነው። ለውሻው የሚያዝኑ ሰዎች በአረር ፋንታ በሚጥሚጣ የተሞላ ጥይት ይገዙ ነበር። የእኛን አገር ቅመም የሚያስታውሰኝን ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

የጋላን ሥራ ተወዳጅ ሲሆን ሌሎች ተከተሉ። የቤልጂጓ ሊዬዥና የስፔኗ አይባር በብዛት ሠሩት፤ ጀርመንና ኢጣሊያም ቀጠሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ቬሎዶግ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የእነዚህ የተከታዮቹ እንጂ የጋላን አይደለም። የጋላን ስም ያለበት ካገኙ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ይገባዋልም። የቤልጂጎቹን ዕድሜ ለመገመት የፍተሻ ማኅተማቸውን ይመልከቱ። በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ.ኤል.ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ኮከብ አዝለው ይገኛሉ። በላዩ ዘውድ ካለ ከ1893 ወዲህ የተፈተሸ ነው። የአይባሮቹ ብዙ ጊዜ ምንም የፍተሻ ማኅተም የላቸውም፤ እንዲህ ያለውን ለመተኮስ ብሎ መግዛትን እኔ አልመክርም።

በኋላ የመጡት ቬሎዶጎች ለሌላ ጥይት የተሠሩ ናቸው፤ .22 አሉ፣ 6.35 ሚሊ ሜትር አሉ። ይህ ገዢውን የሚያጓጓው ቦታ ነው፤ 6.35 ዛሬም በየመደብሩ ይገኛልና። ልብ ይበሉ፦ 6.35 አሜሪካዊው መሣሪያ ፈጣሪ ጆን ብራውኒንግ ለራሱ ሽጉጥ የፈጠረው፣ ከድሮው ጥቁር ባሩድ የሚበረታ ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይት ነው። በርካሽ ብረት የተሠራ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ ጣጣ አለው። ጥይት አቃፊው ሲዞር ከአፈሙዙ ጋር ልክ ካልተገጣጠመ አረሩ ተላጭቶ በጎን ይፈናጠራል፤ ጎንዎ የቆመ ሰው ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላል። የብዙዎቹ ምላጭ ጠባቂ ቀለበት የለውም፣ ምላጩም ከባድ ነው፣ እጀታው ለትልቅ ሰው እጅ ሁለት ጣት ብቻ ያስይዛል። ሲሠራ የታሰበው ከብስክሌት ሳይወርዱ በክንድ ርቀት ላለ ውሻ ነው። በ10 ሜትር የወረቀት ኢላማ ልምታበት ያለ ሰው ይደክማል።

ዋናውን የ5.5 ጥይት በተመለከተ የኢጣሊያው ፊዮኪ በአንድ ወቅት ስላመረተው አልፎ አልፎ ይገኛል። ካገኙ ቀለሁን አይጣሉ። ግን «አልፎ አልፎ» በሚል ተስፋ መሣሪያ አይገዛም።

እንግዲህ ፍርዴን ላስቀምጥ፦ ቬሎዶግ የሰብሳቢ ነው። ዓይነቱ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የዝሆን ጥርስ እጀታ፣ የአበባ ቅርጽ የተቀረጸበት፣ ኒኬል የተቀባ፣ በቦርሳ ውስጥ የተደበቀ። ተራው የቤልጂግ ሥራ ደግሞ ከዚህ በታች ካሉት የብስክሌት ጠመንጃዎች በዋጋ ይቀላል። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዓይነት ማሰባሰብ ለሚወድ የተሻለ የለም።

«ባይስክል» የተባሉት የአሜሪካ ሽጉጦች

በአጭሩ ልለፋቸው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን፣ አይቨር ጆንሰን ሁሉም አፈሙዛቸው ወደ 2 ኢንች ያጠረ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነበራቸው፤ በገበያው «ባይስክል» ተብሎ ይጠራ ነበር። የሚበዙት .32 ሲሆኑ፣ .22ም አለ። ከቬሎዶግ የሚሻሉበት ነገር አሠራራቸው ጠንካራ፣ ጥይታቸውም የሚገኝ መሆኑ ነው። የሚጎዱበት ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የተሠራውንና ለጭስ አልባው የተሠራውን ለመለየት ዕውቀት መጠየቁ ነው። የአይቨር ጆንሰን መለያ 1909 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ለጥቁር ባሩድ የታሰቡ ናቸው፣ በኋላ የመጡት ብረታቸው ጠንክሯል። ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው በዘመኑ ጥይት አይሞክሩት። ለታሪኩ ብዬ አንድ የአይቨር ጆንሰን ይዣለሁ፤ ለኢላማ ግን አላወጣውም። አፈሙዙ 2 ኢንች የሆነ ሽጉጥ ደስታው አጭር ነው።

ኳከንቡሽ እና ስቲቨንስ

ልቤ ያለው እዚህ ነው። ሁለቱም አንድ ጎራሽ፣ ሁለቱም .22፣ ሁለቱም ብስክሌት ላይ ታስረው ወደ ገጠር የሚሄዱ፣ ጣሳ ለመምታትና ጥንቸል ለማደን የታሰቡ ናቸው። ውሻ ማባረሪያ አይደሉም። ይህ ልዩነት ሁሉን ይለውጣል፤ ሲሠሩ ኢላማ እንዲመቱ ታስቦ ስለሆነ ዛሬም ይመታሉ።

ሄንሪ ኳከንቡሽ ኒውዮርክ ግዛት ሃርኪመር የምትባል ከተማ ውስጥ ፋብሪካውን በ1871 ያቆመ ሰው ነው። የአየር ጠመንጃ ሠራ፤ ዛሬ ለገና በዓል በየጠረጴዛው የሚቀርበውን ባለሁለት እግር የለውዝ መስበሪያም በስፋት ያሠራጨው እሱ ነው። የብስክሌት ጠመንጃውን ከ1896 ጀምሮ ሸጠ። ብልሃቱ በሰደፉ ነው፦ ከብረት ሽቦ የተጠማዘዘው ሰደፍ በመሣሪያው ጎንና ጎን ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ሲገባ በሽጉጥ መጠን ያጥራል፤ ጎተት ሲያደርጉት ትከሻ ላይ የሚያርፍ ጠመንጃ ይሆናል። ሰደፉ ከመሣሪያው ስለማይለይ አይጠፋም። የሚከፈተው የኋላ መዝጊያውን ወደ ጎን በማዞር ነው፤ የሚበላሽ ነገር ጥቂት፣ ውስጡም ቀላል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ጠርጌ መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ ያለ ሥዕል።

ድክመቱስ? መዝጊያው ለዘመኑ ደካማ ጥይት የታሰበ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይላላል፣ በመዝጊያውና በቀለሁ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። የሽቦው ሰደፍ ደግሞ ጉንጭ አያሳርፍም፤ ፊትዎ የት እንደሚያርፍ እየፈለጉ ይተኩሳሉ። አንዴ ሲለምዱት ግን በ15 እርምጃ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ክብ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ስቲቨንስ ሌላ ዓለም ነው። የማሳቹሴትሱ የቺኮፒ ፎልስ ፋብሪካ በ1864 በጆሹዋ ስቲቨንስ ተመሠረተ። ዛሬ ዓለም የሚተኩሰው .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት በ1887 የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። የኪስ ጠመንጃ ብለው የሚጠሯቸውን መሥራት የጀመሩት ከብስክሌቱ ዘመን ቀድመው ነው፤ ብስክሌት ሲፋፋም «የብስክሌት ጠመንጃ» እያሉ ሸጧቸው። አፈሙዛቸው በ10፣ በ12፣ በ15 እና በ18 ኢንች ይመረጥ ነበር። በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ አፈሙዙ ከፊት ጎንበስ ከኋላ ቀና ይላል፤ ጥይቱን አጉርሰው መልሰው ጠቅ ሲያደርጉት የሚሰጠው ድምፅ ሰዓት እንደሚሠራ ሰው እጅ ነው። የመጨረሻ ዘመናቸውን የወሰነው ጦርነት ነው፦ በ1915 ፋብሪካውን ዌስቲንግሃውስ ገዝቶ ለሩሲያ ንጉሥ ወታደሮች የሞሲን ጠመንጃ ማምረቻ አደረገው። ትንንሾቹ መሣሪያዎች በዚያው ከገበያ ወጡ፣ በ1920 የቀረው ለሌላው ጠመንጃ ሠሪ ለሳቬጅ ተሸጠ።

የስቲቨንስ ሰደፍ ኒኬል የተቀባ የብረት ቅስት ሲሆን ተነቃይ ነው። ውበቱም ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ተነቃይ ስለሆነ ለዘመናት ከመሣሪያው ጋር ሲለያይ ኖሯል። ፋብሪካው መሣሪያውንና ሰደፉን በአንድ ቁጥር ያትም ነበር። ቁጥሩ የተገጣጠመ ጥንድና ሰደፉ ከሌላ የመጣ መሣሪያ በዋጋ የትና የት ናቸው። ሰደፉ ብቻውን የመሣሪያውን ያህል የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። በኋላ ዘመን የተሠሩ አስመሳይ ሰደፎችም አሉ፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ስላለ ብቻ አይመኑ፣ ቁጥሩን በራስዎ ዓይን ያንብቡ። ከታች እንደምነግርዎ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕግም ነው።

የትኛው ይሻላል? በአተኳኮስ ስቲቨንስ ይበልጣል፣ አልጠራጠርም። ማነጣጠሪያው የተሻለ ነው፣ ምላጩ ለስላሳ ነው፣ 15 ኢንች አፈሙዝ ያለው በ25 ሜትር ያስገርማል። ለመያዝ፣ ለማጽዳት፣ ላለማጣት ግን ኳከንቡሽ። መጀመሪያ የሚገዛ ወዳጅ ቢጠይቀኝ፣ አፈሙዙ ንጹሕ የሆነ ኳከንቡሽ ከተገኘ እሱን እለዋለሁ። ኳከንቡሹ ግን ከስሙ የተነሣ ውድ መሆኑን ይወቁ፤ ያው ፋብሪካ ያወጣው ባለ እንጨት ሰደፉ «ሴፍቲ» ጠመንጃ በጣም ረክሶ ይገኛል፣ ተኩሱም ያው ነው። ብስክሌት የሚለውን ስም የማይፈልግ ሰው ያንን ቢገዛ አይከፋም።

ጌም ጌተር

ሚሺጋን ግላድስተን ውስጥ ዌብስተር ማርብል በ1908 ያወጣው ይህ መሣሪያ በትክክል የብስክሌት ዕቃ አይደለም፤ የጫካ ሰው ዕቃ ነው። ነገር ግን እነዚህን የሚሰበስብ ሁሉ መጨረሻ ላይ እሱ ጋ ይደርሳል። ከላይ .22 አፈሙዝ፣ ከታች .44 ልሙጥ አፈሙዝ፣ ሰደፉ ታጣፊ። የ1921ዱ ሞዴል ታችኛውን .410 የሚባል የአደን ጥይት ወደሚጎርስ ቀየረው። በ12፣ በ15 እና በ18 ኢንች ይመጣል። ሥራው ግሩም ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። የገንዘብ ችግር የሌለበትና ወረቀት መሙላት የማይሰለቸው ሰው ይያዘው፤ ጀማሪ ግን ይተወው።

ጥይቱ

.22 ሁሉ .22 አይደለም። በእነዚህ መሣሪያዎች የጠፋው ጣትና ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው። .22 ሾርት ከ1857 ጀምሮ ያለ አጭር ጥይት ነው፤ ሎንግ ራይፍል ደግሞ ረዘም ያለ ቀለህና ከባድ አረር አለው። ለሾርት የተሠራ መሣሪያ ሎንግ ራይፍል አይጎርስም፤ አንዳንድ ብልጥ ነኝ ባይ ግን መጉረሻውን በመሰርሰሪያ አስረዝሞ የሚያስገባው አለ። የመሣሪያው ብረት ያንን ኃይል አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ተሰርስሮ የተራዘመ መጉረሻ ካዩ ይለፉት።

መሣሪያው ሎንግ ራይፍል የሚቀበል ቢሆን እንኳ «ሃይ ቬሎሲቲ» የተጻፈበትን ካርቶን አይንኩ። ያ ዓይነት ጥይት ወደ ገበያ የገባው በ1930 አካባቢ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ከዚያ በፊት ተሠርተው አልቀዋል። ፈጣኑ ጥይት በሴኮንድ 380 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እኔ የምጠቀምበት ሲ.ሲ.አይ የሚያወጣውን «ሲ.ቢ» እና «ኳየት» የተባሉትን ነው፤ ሁለቱም በሴኮንድ 216 ሜትር ገደማ የሚሄዱ፣ ድምፃቸው እንደ ጭብጨባ የሆነ። በ20 ሜትር ርቀት ለወረቀት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ከመጠን በላይ መድከምም ጉዳት አለው። አጊላ የሚያወጣው «ኮሊብሪ» ባሩድ የሌለው፣ በጥይቱ ጠርዝ ባለው ተቀጣጣይ ቅመም ብቻ የሚገፋ ነው። አምራቹ ራሱ በጠመንጃ እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል፤ አረሩ ረጅም አፈሙዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላልና። የተሰነቀረ አረር ላይ ሌላ መተኮስ አፈሙዙን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። የተኩሱ ድምፅ ከለመዱት ከቀነሰና ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ካላዩ ያቁሙ፣ መሣሪያውን ባዶ አድርገው በአፈሙዙ ብርሃን ይመልከቱ።

ሎንግ ራይፍል በሚጎርስ መሣሪያ ሾርት አብዝቶ መተኮስም መጉረሻው ፊት ቀለበት የመሰለ ቆሻሻ፣ ሲቆይም የመበላት ምልክት ያስቀራል። በየተኩሱ መጨረሻ ያንን ቦታ በናስ ብሩሽ ይጥረጉት። ከ1920ዎቹ መጨረሻ በፊት የተመረተ አሮጌ .22 ካገኙ ደግሞ አይተኩሱት፤ ተቀጣጣይ ቅመሙ ጨው የሚተው ስለነበር አፈሙዙን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ካርቶኑ ካልተከፈተ ከጥይቱ ይልቅ ካርቶኑ ይሸጣል።

ሕጉ

ይህን ክፍል ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ ገበያው ያለውና ብዙዎቻችንም ያለነው እዚያ ነውና።

በፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ «አንቲክ» ነው፤ እንደ ተራ መሣሪያ ከሌላ ግዛት ሲገዛ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይለፍ የሚለው ግዴታ አይነካውም። ነገር ግን የ1934ቱ ሕግ፣ ማለትም አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃን የሚያስመዘግበው፣ የተለየ መለኪያ አለው። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ወይም አጠቃላይ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ሆኖ የትከሻ ሰደፍ ካለው መመዝገብ አለበት። ጥይቱ ዛሬም በየመደብሩ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ብቻ አያድነውም። .22 በየመደብሩ አለ። ስለዚህ የ1896 ኳከንቡሽ ወይም ስቲቨንስ ሰደፉ ሲገጠምለት በዚህ ሕግ ወጥመድ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መውጫው የአልኮል፣ ትንባሆና ጦር መሣሪያ ቢሮ (ኤ.ቲ.ኤፍ) የሚያወጣው የቅርስ መሣሪያዎች ዝርዝር ነው። ብዙ የስቲቨንስ የኪስ ጠመንጃዎች ከዋናው ሰደፋቸው ጋር፣ የማርብል ጌም ጌተርም ባለ 18 ኢንቹ፣ ከዚያ ሕግ ወጥተዋል። ባለ 12 እና ባለ 15 ኢንች ጌም ጌተር ግን ምዝገባ ይፈልጋል። «ዋናው ሰደፍ» የሚለውን ቃል ያስተውሉ፦ በኋላ የተሠራ አስመሳይ ሰደፍ የገጠመ ሰው ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ እንደያዘ ይቆጠራል፤ ይህም በእስር የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። የሚገዙትን ሞዴል ስም በዝርዝሩ ላይ በራስዎ ያንብቡ፣ አትመውም ከመሣሪያው ጋር ያስቀምጡ።

ስለ ቪዛም ልናገር፤ በዚህ የተጎዳ ሰው ስላየሁ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ ታደሰ የአደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። «አንቲክ ነው» ብሎ መሣሪያውን ቢያመልጥ እንኳ .22 ጥይቱ ጥይት ነው።

የግዛት ሕግ ሌላ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጎን ለጎን ሆነው የተለያየ ሕግ አላቸው፤ አርሊንግተን ውስጥ ችግር የሌለው ዕቃ ድልድዩን ሲሻገር ችግር ሊሆን ይችላል። ኒውዮርክና ኒው ጀርሲም ጥብቅ ናቸው። ለሰብሳቢነት ደግሞ የ«ኪውሪዮ» ፈቃድ አለ፤ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው በ30 ዶላር ለሦስት ዓመት ያወጣዋል፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያለፈ መሣሪያዎችን ከሌላ ግዛት ለመግዛት ያስችላል። ከሁለት በላይ የሚገዛ ሰው ቢያወጣው ይጠቅመዋል።

ፈረንሳይ ከ1900 በፊት የወጣ ሞዴልን በአብዛኛው በነፃ ለመያዝ ትፈቅዳለች፤ ለቬሎዶግ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚመች አገር ናት። ብሪታንያ ውስጥ .22 ጥይት በጥቅም ላይ ያለ ስለሆነ ዕድሜው ብቻ ከፈቃድ አያወጣውም። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ ለመግባት ለሚያስብ ሰው፣ የ2020 (በእኛ አቆጣጠር የ2012 ዓ.ም.) የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ የገባ መሣሪያ «ቅርስ ነው» ስለተባለ አያልፍም። ለአባት ስጦታ ይሆናል ብላችሁ በሻንጣ እንዳትሞክሩት አደራ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም በፖስታ አታስልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሲያገኙት

ትንሽ የእጅ ባትሪና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ አፈሙዙን ከኋላ በብርሃን ይመልከቱ። የሚያዩት ጥምዝምዝ መስመር ስለታም ሆኖ ከተለየ ደህና ነው። ጥቁርና ጉድጓዳም ከሆነ አረሩን አይመራም፤ ከስቲቨንስ ስም ይልቅ ንጹሕ አፈሙዝ ይመረጣል።

ዘግተው ይነቅንቁት። ስቲቨንስ አፈሙዙ ከገላው ጋር ሲገጥም ቅንጣት መነቃነቅ የለበትም። ኳከንቡሹ ላይ ከመዝጊያው ኋላ ቀጭን ወረቀት ሸርተት ብሎ የሚገባ ከሆነ ክፍተቱ በዝቷል። ቬሎዶጉን መዶሻው ወደ ኋላ ሲሄድ እያዩ ቀስ ብለው ምላጩን ይሳቡ፤ ጥይት አቃፊው በየተራው አምስት ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ምላጩን ግን በባዶው ጠቅ ጠቅ አያድርጉ። በጠርዝ በሚመታ .22 ውስጥ መርፌው ጥይት ካላገኘ የመጉረሻውን አፍ ይመታና ይደፍጥጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥይት አይገባም ወይም ቀለሁ አይወጣም። ሻጭ እንዲህ እያደረገ ካሳየዎት መጉረሻው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰርጓዳ ምልክት ይፈልጉ።

ኒኬሉ ከተላጠ ይተዉት። በአዲስ ኒኬል የተቀባ ወይም እንደ መስተዋት የተወለወለ መሣሪያ ፊደሎቹ ጠርዝ አልባ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው ይታወቃሉ፤ ዋጋውም በግማሽ ይወርዳል። እኔ አንዴ በኳከንቡሹ ላይ ያለውን የመቶ ዓመት ቡናማ ቀለም በብረት ሱፍ ልፈትግ ስል አንድ አዛውንት ሰብሳቢ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ያ እድፍ አይደለም፣ ዕድሜው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዘይትና ጨርቅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ገዝተው፣ በጠመንጃ ጠጋኝ አስፈትሸው፣ ወረቀቱ ተስተካክሎ ሲጨርሱ በቀጥታ ትከሻ ላይ አያሳርፉት። የዓይን መከላከያ ያድርጉ። መሣሪያውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስረው ምላጩን በረጅም ገመድ ከኋላ ሆነው ይሳቡ፤ አምስት ጊዜ በ«ሲ.ቢ» ጥይት። በየተኩሱ ቀለሁን አንሥተው ይመልከቱ። ጠርዙ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ወይም ጭስ ወደ ኋላ ካመለጠ ያ መሣሪያ ጡረታ ወጥቷል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጡት። አምስቱም ቀለህ ልሙጥ ሆኖ ከወጣ፣ ወረቀቱን በ10 እርምጃ ይትከሉ። የኳከንቡሹ ሰደፍ ሽቦ ስለሆነ በክረምት ጉንጭ ያቀዘቅዛል፤ እኔ ቀጭን ቆዳ እጠመጥምበትና ስጨርስ እፈታዋለሁ፣ ምልክት እንዳይተው። ተኩሱ ሲያበቃ አፈሙዙን ከኋላ ወደ ፊት በጨርቅ ይወልውሉ፣ እጅዎን ከእርሳሱ የተነሣ በሳሙና ይታጠቡ፤ ቀለሆቹን ደግሞ ይቁጠሩና ይዘው ይመለሱ።